ረሃብ ሯጭ አይወልድም

ስለ አርሲ ሯጮች ሲወራ ሁላችንም በቃላችን የያዝነው አንድ ታሪክ አለ። ታሪኩ በባዶ እግር ይጀምራል፤ ከባዶ እግር ወደ ረጅም መንገድ፣ ከረጅም መንገድ ወደ ጭቃና ውርጭ፣ ከውርጭ ወደ ዳገት ይሻገራል፤ በመጨረሻም ባዶ ሆድ ላይ ያርፋል። ልጁ ስለተራበ ሮጠ፤ ስለሮጠ አሸነፈ፤ ስላሸነፈ ጠገበ። ጋዜጠኛ ይጽፈዋል፤ ፊልም ሠሪ ይቀርጸዋል፤ እኛ ብዕር የጨበጥነው ደግሞ ቤት እናስመታዋለን። እጦትን የድል እናት፣ ረሃብን የጀግና ሞግዚት የሚያደርግ ስንኝ በየግጥም ምሽቱ ሲነበብ፣ አዳራሹም ሲያጨበጭብ ስንት ጊዜ ሰምተናል!

የዚህች ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። ታሪኩ መነሻው እውነት፣ መድረሻው ሐሰት ነው። እግሩ ባዶ ነበር፤ መንገዱም ረጅም ነበር፤ ባዶ ሆድ ግን ማንንም ለድል አላበቃም። የአርሲን ሯጭ ሯጭ ካደረጉት ነገሮች መካከል፣ ከዳገቱና ከስሱ የደጋ አየር እኩል፣ ከሩጫው በፊትና በኋላ ያገኘው ማዕድ፣ ማዕዱም የቀረበበት ሰዓት ይገኛል። ይህን ማንሣቴ ስለ ምግብ ለማውራት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ታሪኩን አምነው፣ መራብን እንደ ልምምድ ቆጥረው፣ ማለዳ ማለዳ የሚሮጡ ልጆች ዛሬም በአሰላና በበቆጂ መንገዶች ላይ አሉ። እኛ በወረቀት ላይ የምንስተው፣ በእነርሱ አጥንት ላይ ይጻፋል።

ከታዋቂው እንጀምር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1973 አሰላ አካባቢ፣ ከገበሬ ቤት፣ ከ10 ልጆች አንዱ ሆኖ ተወለደ። ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ስለነበር ጠዋት እየሮጠ ሄዶ ከሰዓት በኋላ እየሮጠ ይመለስ ነበር። ደብተሩን በግራ ክንዱ አቅፎ ከመሮጡ የተነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ፣ በ2000ም በሲድኒ የ10,000 ሜትር ወርቅ ሲወስድ እንኳ ያ ክንድ ደብተር የያዘ ይመስል እንደታጠፈ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ለእይታ የበቃው «ኢንዱራንስ» የተሰኘው ፊልም ሕይወቱን ለዓለም አድርሶታል። የታጠፈው ክንድ የሚያምር ምስል ነው፤ እውነትም ነው። ነገር ግን እኛ ተራኪዎቹ መንገዱን እንጂ ጓዳውን አንወድም። ከ10 ኪሎ ሜትሩ ወዲህና ወዲያ ያለው ነገር፣ ማለትም ልጁ ጠዋት ሲወጣ የቀመሰው፣ ማታ ሲገባም የጠበቀው፣ ከምንተርከው ታሪክ ተቆርጦ ይቀራል።

አርሲ ደግሞ በጓዳ የምትታማ አገር አይደለችም። ከጭላሎ ግርጌ እስከ ካካ ተራራ የተዘረጋው ደጋ የገብስና የስንዴ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 «ካዱ» በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን ድጋፍ ተቋቁሞ አሰላን መቀመጫው ያደረገው፣ የቁሉምሳ የምርምር ማዕከል ከከተማችን ሳይርቅ የስንዴ ዘር ሲያሻሽል የኖረው፣ የብቅል ፋብሪካውም እዚሁ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። የደጋው ገበሬ ጥሬ ገንዘብ ሊያጣ ይችላል፤ ለልጁ ጫማ ሊያጣ ይችላል። በጎተራው ገብስ፣ በበረቱ የምትታለብ ላም ካለች ግን ልጁን ጦሙን አያሳድረውም። ሁሉም ቤት አንድ አይደለም፤ ሁሉም ዓመትም ደግ አይሆንም። ቢሆንም ጫማ ማጣትና እህል ማጣት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እኛ ግን ሁለቱን «ድህነት» በሚል አንድ ከረጢት ከትተን እናስራቸዋለን።

ረሃብ በእርግጥ ሯጭ የሚወልድ ቢሆን ኖሮ፣ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የመታቸው አውራጃዎች በማግሥቱ የዓለምን ስታዲየሞች በሞሏቸው ነበር። የሆነውን ግን እናውቃለን። ረሃብ የወለደው ሰፈራን፣ ስደትንና መቃብርን ነው። ይህን የሚያውቅ ሕዝብ ረሃብን በስንኝ ማንቆለጳጰሱ መቼም ሊገባኝ አልቻለም።

ከአሰላ ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙ በቆጂ ትገኛለች፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች የገብስ ከተማ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ እነ ጥሩነሽ ዲባባ ከእርሷና ከዙሪያዋ የወጡ ናቸው። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ለብዙዎቹ የመጀመሪያውን ትምህርት የሰጡት እዚያ ነው። ልጆቹ በበቆጂ እግር አበጁ ብንል ግን፣ ጉልበት ሆኖ የጸናላቸው የት ነው? እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። የጀግኖቻችንን ስም ያለ ማዕረግ ስንጠራ ምላሳችን ይከብደዋል። ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ ሻምበል ማሞ ወልዴ፣ ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር፣ ኮሎኔል ደራርቱ ቱሉ፣ ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እንላለን። አበበና ማሞ የክቡር ዘበኛ ባልደረቦች ነበሩ፤ ምሩጽ የአየር ኃይል፣ ደራርቱ የማረሚያ ቤቶች፣ ኃይሌ የፖሊስ። ጥሩነሽም የማረሚያ ቤቶች ክለብን መለያ ለብሳለች፤ ቀነኒሳ የሙገር ሲሚንቶን።

ይህ ማዕረግ ሲፈታ ምን ይወጣዋል? ደመወዝ ይወጣዋል፤ ከደመወዝም በፊት ቀለብ። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 የሮምን ጎዳና በባዶ እግሩ ረግጦ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያጠናቅቅ የንጉሠ ነገሥቱ ዘብ ነበር። እግሩ ጫማ አልነበረውም፤ ሆዱ ግን ቀለብተኛ ነበር። ዓለም እግሩን አየና ተደነቀ፤ ተራኪው ደግሞ ባዶውን እግር አይቶ ሆዱንም ባዶ አደረገው። ከየሜዳሊያው ጀርባ አሠልጣኝ እንዳለ እናውቃለን፤ ወጥ ቤት እንዳለ ግን እንዘነጋለን።

አሁን ወደ ሰውነታችን እንግባ፤ እዚህ ቅኔ የለም፤ ያለው ሒሳብ ነው። የዕለት እንጀራዬን የማገኘው ከባንክ መስኮት ጀርባ ቆሜ ነውና፣ ነገሩን በለመድሁት ቋንቋ ላስረዳ። ጡንቻና ጉበት ከበላነው እህል የሚገኘውን ስኳር እያጠራቀሙ ያስቀምጣሉ፤ የዘርፉ ሊቃውንት ይህን ክምችት ግላይኮጅን ይሉታል። የሯጩ ተቀማጭ ይህ ነው። ሌሊት ተኝተን ሳለ ጉበት ከተቀማጩ ጥቂት በጥቂት እያወጣ አንጎልን ይመግባል፤ ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ የጉበቱ ሒሳብ ቀንሶ፣ የጡንቻው ግን በአብዛኛው እንዳለ ይገኛል። ለስለስ ያለ የማለዳ ሩጫ ያለ ቁርስ የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ሩጫው ሲፈጥንና ሲረዝም ግን አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ያህል እንደቆየ ተቀማጩ ይሟጠጣል፤ እግር ድንጋይ የታሰረበት ያህል ይከብዳል። የማራቶን ሯጮች ከሠላሳኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ያለውን መንገድ የሚፈሩት ለዚህ ነው። ባንክ ከተቀማጩ በላይ የጠየቀውን ደንበኛ ባዶ እጁን ይመልሰዋል። ሰውነት ግን አይመልስም፤ ከራሱ ሥጋ ቆርሶ ይከፍላል። ብድሩ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው።

እንግዲህ መቼ ይበላ? ምንስ ይበላ? ከባድ ልምምድ ወይም ውድድር የሚጠብቀው ሰው ዋናውን ምግብ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ሲቀረው ቢበላ ይመረጣል። አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ደግሞ ቀለል ያለ፣ ጥቂት ነገር ይበቃዋል። ቅባትና ጥራጥሬ የበዛበት ምግብ ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም፤ ስለዚህ በቅቤ የተለወሰ ጭኮ ወይም የሽሮ ፍትፍት ከዳገት በፊት ወዳጅ አይደለም፤ የማታ ወዳጅ ነው። ከዳገት በፊት ወዳጁ ቀጠን ብሎ የተበጠበጠ በሶ፣ ቁራሽ ዳቦ በስኳር ሻይ፣ ወይም አንድ ሙዝ ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ የሚወጣ ሯጭ በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ተነሥቶ ይብላ የሚል የለም። እርሱ ቁርሱን የሚበላው ከዋዜማው እራት ላይ ነው፤ የማታው እንጀራ የጠዋቱ ጉልበት ነውና።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከሩጫ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ጡንቻ የተራቆተውን ጎተራ ለመሙላት በጣም የሚቸኩለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። በዚያው ዕለት ሁለተኛ ልምምድ ላለበት ሯጭ የሚመከረው፣ በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓታት፣ በየሰዓቱ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው። 50 ኪሎ ለምትመዝን ልጅ ይህ ከ50 እስከ 60 ግራም ማለት ሲሆን፣ ወደ በሶ ሲመነዘር ከ70 እስከ 80 ግራም ገደማ ይሆናል። አንድ ብርጭቆ ወተት ሲታከልበት ደግሞ የተጎዳ ጡንቻ የሚጠግን ፕሮቲን ይገኛል። ሁለተኛ ልምምድ የሌለው ሰው ደቂቃ መቁጠር አያስፈልገውም፤ ለእርሱ ወሳኙ የቀኑ ድምር ነው። ሳይበሉ እስከ ቀትር መዋል ግን ለማንም አይመከርም።

አርሲ ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አልተማረችውም። ገብሱ ተቆልቶ ተፈጭቶ በሶ ይሆናል፤ በሶው በውሃና በጨው፣ ሲገኝም በማር ተበጥብጦ ይጠጣል፤ ጠጠር ብሎ ታሽቶ በመዳፍ ሲጨበጥ ጭብጦ፣ በተነጠረ ቅቤ ሲለወስ ጭኮ ይባላል። ስንዴውና ገብሱ ተከክቶ ቂንጬ ይሆናል። በሶ አስቀድሞ የበሰለ ነውና እሳት አይጠብቅም፤ ምጣድ ሳይጣድ፣ ወጥ ሳይወጠወጥ፣ ላብ ሳይደርቅ ይደርሳል። ለሯጭ ከዚህ የተሻለ ነገር አስቦ ለመሥራት የሚፈልግ ፋብሪካ ብዙ ይደክማል፤ በቆርቆሮ አሽጎ በውድ የሚሸጥልን ዱቄትም በመሠረቱ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ቋንቋችንም ሰዓቱን ያውቀዋል። ቁርስ መቁረስን ያስታውሳል፤ ሌሊቱ ያለፈበት ሰው የመጀመሪያዋን ቁራሽ የሚያነሣበት ነው። በምሳና በእራት መካከል ላለው ረጅም ጊዜ መክሰስ የሚል ስም አለን፤ ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ልምምድ ያለው ሯጭ መክሰስ የሚለውን ቃል በአክብሮት ሊጠራው ይገባል። ከሁሉም የምወደው ግን ስንቅ የሚለውን ነው። ስንቅ ከምግብነቱ በላይ፣ መንገዱን አስቀድሞ ያሰበ ሰው ጥበብ ነው። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት በሶውን፣ ቆሎውን፣ ድርቆሹን ይዞ ነው የሄደው። በመጨረሻዎቹ ቀናት ስንቁ እየተመናመነ ሲሄድ የጦሩ መሪዎች ምን ያህል እንደተጨነቁ ታሪክ ያወራልናል። ያን የመሰለ ጀግና ሠራዊት እንኳ ስንቅ ሲያልቅ የሚበተን ከሆነ፣ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ያለ ስንቅ ወደ ጭላሎ ዳገት ስትወጣ ጀግንነት ብቻውን ያደርሳታል ማለት ጭካኔ ነው።

ሊቃውንቱም የኢትዮጵያውያንን ምስጢር ፍለጋ ብዙ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት 10 የታወቁ የረጅም ርቀት ሯጮቻችን ለአንድ ሳምንት የበሉትንና የጠጡትን እየመዘነ መዝግቦ ነበር። ተአምረኛ ቅጠል አልተገኘም። ከምግባቸው ካገኙት ኃይል ውስጥ 64 በመቶ ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነበር፤ ያውም አብዛኛው ከእህልና ከዕፅዋት የተገኘ። ከዚህ ቁጥር ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባው ሌላው ውጤት ነው፤ ሯጮቹ የበሉት ካቃጠሉት ጋር ተመጣጣኝ ሆኖ ተገኝቷል። ማለትም ጠግበው ይበሉ ነበር። ጎረቤቶቻችን ኬንያውያንም በኡጋሊያቸውና በወተት በፈላ ጣፋጭ ሻያቸው ይህንኑ ያደርጋሉ። በዓለም ፊት የቆሙት ሁለቱ የሩጫ አገሮች በማዕድ ረገድ የሚመሳሰሉት በረሃባቸው ሳይሆን በእህላቸው ነው።

«ታዲያ ጾሙስ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልካም ጥያቄ ነው። በእኛ አገር ክርስቲያኑ በዓመት ከ180 ቀን ያላነሰ የጾም ወቅት አለው፤ ሙስሊሙ ረመዳንን ሙሉ ይጾማል፤ አርሲም የሁለቱም ቤት ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ሙሉ በሙሉ በረመዳን ውስጥ ውሎ ነበር። በ2000 ዓ.ም. በቤይጂንግ ጥሩነሽ ዲባባ የ10,000 ሜትር ወርቋን ያገኘችው ነሐሴ 9 ቀን፣ ቀነኒሳ በቀለም የራሱን ያገኘው ነሐሴ 11 ቀን፣ አገር ፍልሰታን ሲጾም ነው። የጥሩነሽ የ5,000 ሜትር ድል ደግሞ ነሐሴ 16 ቀን፣ ጾሙ በተፈታበት ዕለት ዋለ። እነርሱ በዚያ ሰሞን ምን እንደበሉ የራሳቸው ጉዳይ ነው። እዚህ ያለነው ግን ጾመንም ሆነ ገድፈን በየቴሌቪዥኑ ፊት አብረን ዘለናል።

ጾምና ረሃብ የአንድ እናት ልጆች አይደሉም። ጾም ሰዓት አለው፤ ረሃብ ሰዓት የለውም። ጾመኛው መቼ እንደሚበላ ያውቃል፤ የተራበው አያውቅም። የረመዳን ጾመኛ ሱሑር አለው፤ ኢፍጧር አለው፤ ሯጭ ከሆነ ልምምዱን ከመግሪብ ጥቂት ቀደም አድርጎ ተምሩና ሾርባው ወደሚጠብቁት ማዕድ መሮጥ ይችላል። የሁዳዴ ጾመኛም ከሥጋና ከወተት ይከለከል እንጂ ከምስሩ፣ ከአተሩና ከበሶው አልተከለከለም። ለታመመና ለመንገደኛ ቁርኣኑ ቀኑን እንዲለውጥ ይፈቅዳል፤ በቤተ ክርስቲያንም የንስሐ አባት የልጃቸውን አቅም ያውቃሉ። ሁለቱም ሥርዓቶች ከጥንት ጀምሮ የሚያስተምሩን አንድ ነገር ነው፤ ምግብን መተው ትርጉም የሚኖረው የሚመለሱበት ማዕድ ሲኖር ነው። ረሃብን በጾም ስም ማክበር ጾሙንም መድፈር ይሆናል።

ታዲያ ጉዳቱ የት አለ? ጉዳቱ ተረቱን በሚያምኑት ልጆች ላይ ነው። ከተማችን ባለው የጥሩነሽ ዲባባ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል የገባ ወጣት ማደሪያና ምግብ ያገኛል። ችግሩ ከበሩ ውጭ ላለው ነው። ከገጠር ቀበሌ ተነሥቶ፣ ከሁለት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ከቤቱ ያመጣትን ጥሬ እየቆጠበ የሚሮጠውን ልጅ አስቡ። ማለዳ 12 ሰዓት ይወጣል፤ 2 ሰዓት ሲሆን ከጫካው ወደ ትምህርት ቤት ወይም ወደ ቀን ሥራ ይሮጣል፤ እህል የሚቀምሰው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጡንቻው እህል በሚለምንበት በዚያ ሰዓት ይታገሣል። ለምን ቢሉት፣ «ሯጭ መቻል አለበት» ይላል። ይህን ማን አስተማረው? እኛ ነን።

በሴቶቹ ላይ ደግሞ ይብሳል። ቅጥነት ፍጥነት ነው ተብለው ከማዕድ የሚሸሹ ልጆች አሉ። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን ችግር የሚመለከት የባለሙያዎች መግለጫ አውጥቶ በ2018 እና በ2023 አድሶታል። ጭብጡ ግልጽ ነው፤ አትሌት ከሚያቃጥለው ያነሰ ለረጅም ጊዜ ሲበላ ሰውነቱ የማይቸኩለውን ሥራ ሁሉ ያቆማል። የወር አበባ ይቋረጣል፤ አጥንት ይሳሳል፤ ሳይወድቁ ሳይመቱ አጥንት ይሰነጠቃል፤ ጉንፋን ይደጋገማል፤ ፍጥነቱም ይጠፋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክብደት ሲቀንስ ሰዓትም ሊሻሻል ይችላል፤ አታላዩም ይህ ነው። ብድሩ ሲመጣ ልጅቱ «ትንሽ ሮጣ ጠፋች» ይባላል፤ ምክንያቱን የሚጠይቅ የለም።

ብረትም አለ። ከፍ ባለ ቦታ የሚኖርና የሚሮጥ ሰው ሰውነቱ ብዙ ቀይ የደም ሕዋስ ስለሚሠራ የብረት ማዕድን ፍላጎቱ ይጨምራል፤ በየወሩ ደም ለሚፈሳት ወጣት ደግሞ እጥፍ ድርብ ነው። ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነታችን በቀላሉ አይወስደውም፤ ቡናና ሻይ ከምግቡ ጋር ወይም ወዲያው ሲከተሉ ጭራሽ ያግዱታል። ቡናን ከአርሲ ቤት አስወጡ የሚል ደፋር አይደለሁም። ሯጯ ልጃችን ግን ከምግቡ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ብትጠብቅ፣ በእንጀራዋ ላይ ጥሬ ቃሪያ ወይም ቲማቲም ብትጨምር፣ የተሻለ ታተርፋለች፤ በእነዚህ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያስገባላታልና። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሰዓት ማወቅን ብቻ ይጠይቃል።

ሁለት ተቃውሞዎች ይቀርቡብኛል። የመጀመሪያው፣ «ችግር ያጠነክራል፤ ጠግቦ ያደገ ልጅ ዳገት አይወጣም» የሚለው ነው። ችግር ያጠነክራል፤ እስማማለሁ። ነገር ግን የትኛው ችግር? ዳገቱ ያጠነክራል፤ ብርዱ ያጠነክራል፤ በሌሊት መነሣት፣ ለመሸነፍ እንቢ ማለት ያጠነክራል። እነዚህ ሁሉ ሰውን የሚሠሩት እህል ያለው ሰውነት ሲያገኙ ነው። አንጥረኛ ብረትን በመዶሻ ይቀጠቅጣል፤ ከመቀጥቀጡ በፊት ግን ወናፍ ነፍቶ ያግለዋል። ያልጋለ ብረት ሲቀጠቀጥ ይሰነጠቃል እንጂ አይሳልም። ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «የሌለውን ልጅ ብላ ማለት ቀልድ ነው» የሚለው ነው። ይህኛው ከበድ ይላል። መልሴም፣ ልጁን ብላ ከማለት ይልቅ እኛን አብሉ ማለት ይሻላል የሚል ነው። በሜዳሊያው የምንኮራ ሁሉ፣ ትምህርት ቤቱም፣ ክለቡም፣ እድሩም፣ ነጋዴውም፣ ባንኩም፣ ከማለዳው ልምምድ በኋላ በሜዳው ዳር አንድ በርሜል በሶና አንድ ጀሪካን ወተት ማቅረብ ያቅተናል ብዬ አላምንም። ገብሱ የእኛው ነው፤ ወፍጮውም የእኛው ነው። የስታዲየም ግንብ ከመገንባት የበሶ በርሜል መሙላት ይቀላል። ለልጆቹም ከግንቡ በፊት ይደርሳል።

ከእኛ ከጸሐፊዎቹ የሚፈለገው ደግሞ ከሁሉም ይቀላል። ረሃብን ማሞገስ እንተው። አንዲት ልጅ ዓለምን ስትቀድም ብናይ፣ ከእግሯ ቀጥሎ ገብሱን የቆላችውን እናት፣ ወተቱን ያለበችውን እኅት፣ ከራሱ ቀንሶ «ብዪ» ያላትን ወንድም እንጻፍ። «ሆድ ከአገር ይሰፋል» እንዲሉ፣ የሰው ልጅ ብዙ ነገር ይችላል፤ ስለሚችል ግን እንዲችል አንፍረድበት። ስለ ማዕድ የተጻፈ ግጥም ስለ እጦት ከተጻፈው ያነሰ አያምርም፤ እስኪ ሞክሩት። እኔም ለባለ ቅኔ ወንድሞቼና እኅቶቼ ይህችን ትቼ እሰናበታለሁ። ቸር ያሰንብተን።

እግሯን ታደንቅ እንደሁ፣ ጓዳዋን ጎብኝላት፤
ጮማ ስንኝ ትተህ፣ በሶ በጥብጥላት፤
ሩጫዋ ቢያምርህ፣ ቢጥምህ ዜማዋ፣
ቀድሞ ይሞላላት፣ ባዶ ገበታዋ።